ሰዓት የሚሞላው በማለዳ ነው

‹‹ዓይን ነው የበላው›› አሉኝ አጎቴ፣ ገና ሻንጣዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ።

ሐምሌ ላይ ወደ ቆቦ የሄድኩት ልጃቸውን ለመጠየቅ ነበር። የአጎቴ ልጅ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። ከጅቡቲ ጭኖ ሲመለስ፣ ሚሌ ሳይደርስ፣ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ገደማ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ተገለበጠ። እግዚአብሔር ይመስገን ነፍሱ ተርፋለች። ግራ እግሩ ግን ሁለት ቦታ ተሰብሮ፣ እኔ ስደርስ በክራንች ነበር የሚሄደው። መንገዱ ቀጥ ያለ ሜዳ ነው። ከፊት ለፊቱ የመጣ መኪና የለም። ግመል አልገባበትም። ፍሬኑም ጎማውም ደህና ነበር። እንግዲህ ምን ሆነ?

‹‹ያን ያህልም አልደከመኝም ነበር›› አለኝ ራሱ። ‹‹ቡና ጠጥቻለሁ፤ ጫትም ይዤ ነበር። መንገዱን እያየሁ ነበር። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ሰው በመስኮት ሲጎትተኝ ነው።››

ጎረቤቱ ‹‹ፍጥነት ነው›› ይላል። ጓደኞቹ ‹‹ዕድል ነው›› ይላሉ። አጎቴ ደግሞ ‹‹ዓይን ነው››። አዲስ መኪና ሲይዝ ሰው ሁሉ አይቶበታል ባይ ናቸው።

እኔም ብሆን ደህና እንቅልፍ ይዤ አልሄድኩም። አዲስ አበባ ውስጥ ከቢሮ የተረፈ ሥራ በላፕቶፕ፣ ከዚያ ስልክ፣ ከዚያ ፊልም እያልኩ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ሲሆን እንኳ ዓይኔ አይከደንም። ጠዋት ደወሉ ሲጮህ ደግሞ ከመቃብር የምነሣ ይመስለኛል። ቅዳሜና እሑድ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት ተኝቼ ልካካስ እሞክራለሁ፤ ሰኞ ይብስብኛል። አንባቢዬ፣ ይህ የእኔ ብቻ ችግር አይመስለኝም።

እነዚህ ሁለት ነገሮች፣ ማለትም የአጎቴ ልጅ መገልበጥና የእኔ እንቅልፍ ማጣት፣ አንድ ሥር እንዳላቸው የገባኝ በቆቦ በቆየሁባቸው ሁለት ሳምንታት ነው።

የጤፍ ፍሬ የምታክል ሰዓት

አጎቴ ክንዳቸው ላይ የማትጠፋ አሮጌ የእጅ ሰዓት አለቻቸው። በየማለዳው ከቤት ወጥተው ፊታቸውን ወደ ዞብል ተራሮች አዙረው ይቀመጡና ይሞሏታል። ‹‹በቀን አሥር ደቂቃ ያህል ወደ ኋላ ትቀራለች። ካልነኳት ግን በወሩ ሌላ አገር ነው የምትውለው›› ይላሉ።

የሚገርመው፣ የሰው ልጅ ሰውነት ውስጥ ያለው ሰዓትም ልክ እንደዚህችው ሰዓት መሆኑ ነው።

ከሁለቱ ዓይኖች የሚነሡት ነርቮች አንጎል ውስጥ ከሚተላለፉበት ቦታ በላይ፣ በግራና በቀኝ፣ እያንዳንዳቸው ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ ሁለት የሕዋስ ስብስቦች አሉ። በድምሩ 20,000 ያህል ሕዋሳት ናቸው። የሰውነታችን ዋናው ሰዓት ይኸው ነው። መቼ እንቅልፍ እንደሚመጣ፣ መቼ ሙቀታችን እንደሚጨምርና እንደሚቀንስ፣ መቼ የትኛው ሆርሞን እንደሚመነጭ የሚያዘው እሱ ነው። ጉበትም፣ ልብም፣ ጡንቻም የየራሳቸው ትንንሽ ሰዓቶች አሏቸው፤ ዋናውን እየተከተሉ ይሠራሉ።

ሰዓቱ በምን ይሠራል ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጡት የፍራፍሬ ዝንብን ያጠኑ ሦስት አሜሪካውያን፣ ጄፍሪ ሆል፣ ማይክል ሮዝባሽና ማይክል ያንግ ናቸው። በሕዋስ ውስጥ አንድ ዘረመል ፕሮቲን ያሠራል። ፕሮቲኑ ሌሊቱን እየተጠራቀመ ይሄድና ሲበዛ ያሠራውን ዘረመል ራሱን ያስቆመዋል። ከዚያ ፕሮቲኑ ቀስ በቀስ ይፈርሳል፤ ሲያልቅ ዘረመሉ እንደገና ሥራ ይጀምራል። ይህ ዙር 24 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ሦስቱም በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2017 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

‹‹ገደማ›› የምትለዋን ቃል ልብ በሉልኝ። እ.ኤ.አ. በ1999 በሃርቫርድ ተመራማሪዎች የታተመ ጥናት የሰው ልጅ ውስጣዊ ሰዓት በአማካይ 24 ሰዓት ከ11 ደቂቃ እንደሚረዝም አሳይቷል። እንደ አጎቴ ሰዓት በየቀኑ 11 ደቂቃ ወደ ኋላ ይቀራል ማለት ነው። ካልተስተካከለ በአንድ ወር ውስጥ ከአምስት ሰዓት በላይ ይዛነፋል።

ሳይስተካከል ሲቀር ምን እንደሚሆን በራሱ ላይ ሞክሮ ያየ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1962 ሚሼል ሲፍር የተባለ የ23 ዓመት ፈረንሳዊ ያለ ሰዓትና ያለ ፀሐይ ከመሬት በታች ዋሻ ውስጥ ሁለት ወር ተቀመጠ። ሲያሻው ተኛ፣ ሲያሻው በላ። ሴፕቴምበር 14 ቀን ‹‹ውጣ፣ ጊዜው አልቋል›› ሲሉት እሱ ገና ኦገስት 20 ነው ብሎ ያምን ነበር። ሃያ አምስት ቀን ጠፍቶበታል!

ታዲያ የእኛን ሰዓት በየቀኑ የሚሞላው ምንድን ነው? ብርሃን ነው። በተለይም የማለዳ ብርሃን። ዓይናችን ውስጥ ለማየት ሳይሆን ‹‹ነግቷል፣ መሽቷል›› የሚለውን ለዋናው ሰዓት ለማድረስ የተፈጠሩ ልዩ ሕዋሳት አሉ። የማለዳ ብርሃን ሲነካቸው ሰዓቱን ወደ ፊት ይገፉታል፤ ማታም እንቅልፍ ቀደም ብሎ ይመጣል። የምሽት ብርሃን ሲነካቸው ደግሞ ወደ ኋላ ይጎትቱታል፤ ለእንቅልፍ የሚያዘጋጀን ሜላቶኒን የተባለው ሆርሞን ይዘገያል።

የብርሃን መጠን የሚለካው በሉክስ ነው። ጥሩ መብራት ያለው ቢሮ ከ300 እስከ 500 ሉክስ ቢያገኝ ነው። ውጭ ግን ሰማዩ ደመና ቢሆን እንኳ 10,000 ሉክስ ይደርሳል፤ በጠራራ ፀሐይ እስከ 100,000። ጨረቃ ሙሉ ስትሆን አንድ ሉክስ እንኳ አትሞላም። እንግዲህ አስቡት። እኔ ጠዋት ከቤት ወደ ታክሲ፣ ከታክሲ ወደ ቢሮ ገብቼ ቀኑን በጭላንጭል እውላለሁ። ማታ ደግሞ መብራቱን አብርቼ፣ ስልኩን ከአፍንጫዬ ሥር ደቅኜ አመሻለሁ። ለሰውነቴ ቀኑም ሌሊቱም አንድ ነው። ሰዓቴን የምሞላው በተገላቢጦሽ ነበር።

ጎርፍ በሌሊት

አጎቴ የሚኖሩት ከቆቦ ከተማ ወጣ ብሎ ነው። ቆቦ ከአዲስ አበባ 570 ኪ.ሜ ገደማ፣ ከወልድያ ደግሞ 50 ኪ.ሜ ያህል ወደ ሰሜን የምትገኝ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት የራያ ቆላ ከተማ ናት። በምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በምዕራብ የላስታ ደጋዎች ይከልሏታል። አጎቴ ቤት ኮረንቲ የለም። ስልኬን ቻርጅ የማደርገው ከተማ ስወጣ ብቻ ነው። ዝናብ በሌለበት ሌሊት ሙቀቱን ሽሽት ግቢው ውስጥ ጠፍር አልጋ ዘርግተን፣ አጎበር ወጥረን እንተኛለን።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሌሊቶች ስገላበጥ አደርኩ። 11 ሰዓት ሲሆን ከአንዱ ወገን ቅዳሴ፣ ከሌላው ወገን አዛን፣ ከሥራችን ዶሮው። ቤተሰቡ ሁሉ ይነሣል። ‹‹አንተ ልጅ፣ ሌሊቱን ሙሉ ምን ነበር የምታርሰው?›› አሉኝ አጎቴ። እንቢ ብዬ እንዳልተኛ ፀሐዩ አያስተኛም። ወጥቼ አብሬያቸው ወደ ዞብል ዞሬ ተቀመጥኩ። በአምስተኛው ቀን ግን የማታው ቡና ሦስተኛ ሳይደርስ ማዛጋት ጀመርኩ። 3 ሰዓት ተኩል ላይ ወድቄ ተኛሁ።

ይህ የአየር ለውጥ ብቻ አይደለም። የኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ጥቂት ሰዎችን ያለ መብራትና ያለ ስልክ ለአንድ ሳምንት ድንኳን ውስጥ አሳድረው ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ የሰዎቹ ውስጣዊ ሰዓት ሁለት ሰዓት ያህል ቀድሞ ተገኘ። እኔም ላይ የሆነው ይኸው ነው።

‹‹እንግዲህ ገበሬ ሆነን ብንኖር ሁላችንም ጠግበን እንተኛ ነበር›› ብሎ ለሚያስብ ግን የራያን ሌሊት ልንገረው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ምዕራብ ባለው ደጋ ይወርዳል። ቆላው ላይ አንዲት ጠብታ ሳትወድቅ፣ ማታ ወይም ሌሊት ላይ ሆርማትና ጎሊና ጎርፍ ይዘው ይመጣሉ። የራያ ገበሬ ይህን ጎርፍ ጠልፎ ወደ ማሽላው ማስገባት አለበት። ጎርፉ ሰዓት አይጠብቅም፤ ካመለጠ አመለጠ ነው። በስድስተኛው ሌሊት 5 ሰዓት ላይ ከሩቅ ‹‹ጎርፍ! ጎርፍ!›› የሚል ጩኸት ተሰማ። አጎቴ በሰባ ዓመታቸው አካፋቸውን ይዘው ከጎረቤቶቻቸው ጋር ሮጡ። የተመለሱት 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ለብሰው ነው። ማሽላው ሲያፈራ ደግሞ የግሪሳ ወፍን ለመጠበቅ ጎሕ ሳይቀድ ማማ ላይ መውጣት አለ።

እኔ ‹‹ዛሬስ እስከ ረፋድ ይተኛሉ›› ብዬ ነበር። 12 ሰዓት ሲሆን ተነሥተው በቦታቸው ተቀምጠው ሰዓታቸውን ሲሞሉ አገኘኋቸው። ፀሐይ ስትበረታ፣ 7 ሰዓት ገደማ፣ ቁርቁራው ጥላ ሥር ጋቢያቸውን ደልድለው ግማሽ ሰዓት ያህል አሸለቡ። ማታ እንደ ወትሮው በጊዜ ተኙ። በአንድ ቀን ነገሩን ዘጉት። የእንቅልፍ ሐኪሞች የሚሰጡት ምክር ከዚህ ብዙም አይርቅም። ሌሊቱ ቢበላሽም የመነሻ ሰዓትህን አትልቀቅ፤ ቀን ትንሽ አሸልብ፤ የቀረውን ለማታ ተው።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ አንድ ጥናትም ይህንኑ ይደግፋል። በታንዛኒያ፣ በናሚቢያና በቦሊቪያ ያለ ኮረንቲ የሚኖሩ ሦስት ማኅበረሰቦች ሲጠኑ፣ በአማካይ የሚተኙት ከ5.7 እስከ 7.1 ሰዓት ብቻ ነበር። ከከተሜው አይበልጥም። ፀሐይ እንደጠለቀችም አይተኙም፤ ከሦስት ሰዓት በላይ ያመሻሉ። ነገር ግን እንቅልፍ የማጣት ችግር በመካከላቸው ብርቅ ነው። የሚተኙት አየሩ እየቀዘቀዘ ሲሄድ ነው፤ በአብዛኛው የሚነሡትም በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት ነው። ልዩነቱ እንቅልፉ በመርዘሙ ሳይሆን ሥርዓት ስላለው ነው ማለት ይቻላል።

ነገር ግን ሰዓቱ ሁሉን ነገር አይፈታም። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወራት ኮረንቲ ተቋርጦ ቆቦ ከተማ ራሷ በጨለማ ነበረች። ‹‹ጨለማውማ ሞልቶ ነበር፤ እንቅልፉ ነው ያልነበረው›› አሉኝ አጎቴ። ሰዓቱ የመኝታን ጊዜ ያሳውቃል እንጂ ሥጋት ያለበትን ሰው አያስተኛም።

10 ሰዓት ላይ ምን ሆነ?

አሁን ወደ መኪናው እንመለስ። እንቅልፍን የሚያመጡብን ሁለት ኃይሎች ናቸው። አንዱ ሰዓቱ ነው። ሌላው እንደ ዕዳ የሚጠራቀም ነው። ነቅተን በቆየን ቁጥር አዴኖሲን የሚባል ነገር አንጎላችን ውስጥ እየበዛ ይሄድና እንቅልፍ ይጫነናል፤ ስንተኛ ይከፈላል። ቀን ላይ ዕዳው ቢጨምርም ሰዓቱ ‹‹በርታ፣ ገና ቀን ነው›› እያለ ያቆመናል። ሌሊት ግን ሰዓቱም ይለቀናል። ከሌሊቱ 9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ የሰውነት ሙቀት ከሁሉ ዝቅ ይላል፤ ንቃትም አብሮ ይወርዳል። ዕዳውና ሰዓቱ በአንድ ላይ የሚነሡብን ያኔ ነው። ከቀኑ 7 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜም አነስ ያለ ተመሳሳይ መዳከም አለ፤ ከምሳ በኋላ ቢሮ ውስጥ የምናንቀላፋው በሽሮው ብቻ አይደለም።

የአጎቴ ልጅ በዚያን ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ ሲያስጭን ዋለ። የቆላውን ሙቀት ሽሽት ማታ ተነሣ። 10 ሰዓት ላይ ሲገለበጥ 22 ሰዓት ነቅቶ ነበር ማለት ነው። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 እንዳሳዩት፣ 17 ሰዓት ነቅቶ የቆየ ሰው ቅልጥፍናው ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ይስተካከላል። ሃያ አራት ሰዓት ሲሞላ ወደ 0.10 በመቶ ይጠጋል። አንዲት ቢራ ሳይቀምስ ሰክሮ ነበር ብንል ማጋነን አይደለም።

ቡናውና ጫቱስ? ቡና አዴኖሲን የሚያርፍበትን ቦታ ይዘጋል እንጂ ዕዳውን አይከፍልም። ጫትም ውስጡ ባለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አንጎልን ያነቃቃል፤ ድካሙን ይሸፍነዋል እንጂ አያጠፋውም። ሁለቱም ‹‹አልደከመኝም›› ያሰኛሉ። አንጎል ግን ለሦስት፣ ለአራት ሰከንድ ሳያስፈቅድ ይተኛል፤ አንዳንዴ ዓይን እንደተከፈተ። በሰዓት 80 ኪ.ሜ የሚሄድ መኪና በአራት ሰከንድ 90 ሜትር ያህል ይጓዛል። ለዚያች 90 ሜትር መሪውን የያዘ ሰው አልነበረም።

ይህ ጉዳይ የሾፌር ብቻ አይደለም። ሌሊት ተረኛ የሆኑ ነርሶች፣ ዘበኞች፣ የፋብሪካ ሠራተኞችና ጋዜጣ ማተሚያ ቤት የሚያድሩ ሰዎች አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም የሌሊት ፈረቃ ሥራን ‹‹ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም›› ከሚላቸው ነገሮች ተርታ እ.ኤ.አ. በ2007 አስገብቶ፣ በ2019 ደግሞ አጽንቶታል። ልጆቻችንንም እናስብ። በጉርምስና ዕድሜ ውስጣዊው ሰዓት በተፈጥሮው ወደ ማታ ይሸሻል። ጠዋት አልነሣ ያለውን ልጅ ‹‹ሰነፍ›› ከማለታችን በፊት ይህን ማወቅ ይገባናል።

ምን እናድርግ?

እኛ ኢትዮጵያውያን በአንድ ነገር ዕድለኞች ነን። ፈረንጁ ቀኑን የሚጀምረው በድቅድቅ ጨለማ፣ በእኩለ ሌሊት ነው። የእኛ ሰዓት ግን ከንጋት ይነሣል፤ ከነጋ የመጀመሪያው ሰዓት አንድ ሰዓት ነው። በስቶክሆልም የሚኖር ወገናችን በበጋው ከ18 ሰዓት በላይ፣ በብርዱ ወራት ደግሞ 6 ሰዓት ገደማ ብቻ የቀን ብርሃን ያገኛል። ቆቦ ላይ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ተኩል እንኳ አይሞላም። ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ ከ12 ሰዓት ገደማ እስከ 12 ሰዓት ከ45 ገደማ ባለው ጊዜ ትወጣለች። የግድግዳው ሰዓታችንና የሰውነታችን ሰዓት የሚነሡበት ቦታ አንድ ነው። ያበላሸነው ራሳችን ነን።

እኔ ከቆቦ ከተመለስኩ በኋላ የያዝኳቸው ጥቂት ነገሮች ናቸው። ጠዋት ከ12 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ግማሽ ሰዓት ያህል ውጭ በእግሬ እሄዳለሁ፤ ታክሲ የምይዘው ሁለት ፌርማታ አልፌ ነው። ቅዳሜና እሑድም በዚያው ሰዓት እነሣለሁ። ካፌይን ሰውነት ውስጥ ግማሽ ለመሆን አምስት ሰዓት ያህል ስለሚፈጅበት፣ ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቡና አልጠጣም። ሲደክመኝ ከ9 ሰዓት በፊት ሃያ ደቂቃ አሸልባለሁ፤ ከዚያ አይበልጥም። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ትልቁን መብራት አጠፋለሁ፤ ስልኩ ሳሎን ያድራል። እራትም በጊዜ ነው፤ ምግብ ሲዘገይ የደም ስኳር ዑደት አብሮ እንደሚዘገይ ታውቋል። እነዚህን አድርጎም ለወራት እንቅልፍ ያጣ ሰው ሐኪም ዘንድ መሄድ አለበት።

ሌሊት መንዳት ግድ ለሆነበት ሾፌር ግን ምክሩ አንድ ነው። ከ9 እስከ 11 ሰዓት ባለው ጊዜ መኪናውን አቁሞ መተኛት። ሙዚቃ መክፈትም፣ መስኮት ማውረድም፣ ጫት መጨመርም አይተካውም። ይህ ደግሞ የሾፌሩ ፈቃድ ብቻ አይደለም። ‹‹ነገ ጠዋት ካልደረስክ›› የሚለው ባለንብረትም ድርሻ አለው።

የአጎቴ ልጅ በቅርቡ ደውሎልኝ ነበር። ክራንቹን ጥሏል። ‹‹እግሬ ከጠናልኝ ወደ መኪናዬ መመለሴ አይቀርም። ግን 9 ሰዓት ሲሆን ሞተሩን አጠፋለሁ፤ ጭነቱ የፈለገውን ይሁን›› አለኝ።

አጎቴ ግን አሁንም ‹‹ዓይን ነው›› ይላሉ። አልከራከራቸውም። ዓይን መሆኑስ ዓይን ነበር። የሰው ዓይን ሳይሆን፣ ለአራት ሰከንድ የተዘጋው የገዛ ልጃቸው ዓይን።